የቀዩ ሸክላ ቀለበት

ሚጢጢ የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሳህን አጥባ ሦስተኛው ላይ ክው ብላ ቀረች። እጇ አረፋ በአረፋ ነው፣ ቧንቧው እንደተከፈተ ነው፣ ከኋላዋ ደግሞ ገና ከካርቶኑ የወጣው ቀይ ሸክላ ይዞራል። የመጨረሻው ዘፈን አልቋል። ከዚያ በኋላ መሰማት የነበረበት አራት ምት ከበሮ ብቻ ነበር፤ ዱም ዱም ዱም ዱም፣ ሌላ ምንም። የተሰማው ግን የእህቷ ድምፅ ነው። «ብቻዬን ይሻለኛል» አለ ሸክላው። ደገመው። ሠለሰው። መርፌውን የሚያነሳ ሰው ከሌለ እስከ ማግስቱም ይለዋል። ሳህኑ ከእጇ አመለጠ፤ ደግነቱ የፕላስቲክ ነበር።

ነገሩን ከሥር ከሥሩ ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ሚጢጢና እታለም እህትማማች ናቸው። እናታቸው ያወጣችላቸው ስም አለ፤ ግን ማን ይጠራበታል? ታላቅየዋን ሰፈሩም አድናቂውም እታለም ይላታል። ታናሽየዋ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቷት፣ በር ስትገባ ጎንበስ ማለት እስኪኖርባት ረዝማ እንኳ ሚጢጢ እንደተባለች ቀርታለች። እታለም ትዘፍናለች። ሚጢጢ ኪቦርዱን፣ የከበሮ ማሽኑን፣ ሽቦውንና ቁልፉን ሁሉ ይዛለች። ሌላ ሰው የለም፤ ጊታር የለም፣ አጃቢ የለም። መጠሪያቸው «ታላቅና ታናሽ» ነው። በስሙ የሚስቅ ካለ መጀመሪያ ጨፍሮ ይሞክርና ከዚያ ይሳቅ።

አዲሱ አልበማቸው «ወለሉ ይጠየቅ» ይባላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የጭፈራ ነው፤ ተቀምጬ ልስማው ያለ ሰው ጉልበቱ ያሳብቅበታል። ሸክላው በሦስት ቀለም እንዲታተም ተወሰነ፤ መጀመሪያ መቶ ቀይ፣ ቀጥሎ መቶ እንደ ብርጭቆ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ፣ በመጨረሻ መቶ ጥቁር። ለምን ሦስት ቀለም? ሰብሳቢ የሚባሉ ሰዎች ስላሉ ነዋ። እነሱ ሦስቱንም ካልያዙ እንቅልፍ የላቸውም፤ ከያዙ በኋላ ደግሞ ይጫርብናል ብለው ሳይሰሙት መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። እኔ አንዳንዴ እስቅባቸዋለሁ፤ ግን ነገር ያወጡት እነሱ ስለሆኑ ዛሬ መሳቁን ልተወው።

ሸክላ ላይ ድምፁ የተቀረጸበት መስመር ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል እየተጠመጠመ ይሄዳል። ማለቂያው ላይ ሲደርስ መስመሩን መልሶ በራሱ ላይ መዝጋት ይቻላል፤ ያኔ መርፌው መውጫ ያጣና እዚያው ይዞራል፣ ያችው ድምፅ ትደጋገማለች። የማተሚያ ቤቱ ቀራጭ፣ ድምፁን ሸክላው ላይ የሚቀርጸው ሰው፣ ይህንን «ቀለበት» ይለዋል። አንዱ ዙር ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ሚጢጢ በሁለተኛው ገጽ ማለቂያ ላይ አራት ምት ከበሮ ይግባልኝ አለችው፤ የጭፈራ ቤት ዲጄ እስኪበቃው እንዲያዞረው ብላ። ቀራጩ ሲለካው ከዘፈኖቹ ፍጥነት ጋር ልክክ አለና በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መገጣጠም አላየሁም ብሎ ተገረመ። ሚጢጢ አልተገረመችም፤ ያ ፍጥነት ከየት እንደመጣ እሷ ታውቃለች።

የመጣው ከስምንት ወር በፊት ነው። ሁለተኛውን ዘፈን እየቀዱ ነበር። እታለም ከመስታወቱ ማዶ ማይኩ ፊት ቆማለች፤ ሚጢጢ በወዲህ በኩል ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ተቀምጣለች። በመሃል የእታለም ስልክ ጠራ፤ አክስታቸው ናቸው። አክስትየዋ ደውለው ያላነሳላቸው ሰው ወዮለት፣ ሳምንት ሙሉ ለዘመድ ሁሉ ስሞታ ያሰሙበታል። መቅጃው አልቆመም፣ ቀይ መብራቱም እንደበራ ነው። እታለምን ብቻዋን አዘፍናታለሁ የሚል አንድ ትልቅ አሳታሚ መምጣቱን ቤተሰቡ ሲያወራ ከርሟል፤ የአክስትየዋ ድምፅ ባይሰማም ስለምን እንደሚያወሩ ለመገመት አያስቸግርም። ሚጢጢ መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ከዚያ እታለም ጥርት ባለ ድምፅ «ብቻዬን ይሻለኛል» ስትል ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ጣቷ ማቆሚያውን ተጫነ። ማዳመጫውን ወርውራ ወጣች። ስትመለስ ስልኩ አልቋል፣ እታለም ውሃ እየጠጣች ነው፣ ስለዚያ ነገር አንዳቸውም አልተነፈሱም።

ሌላ ሰው ቢሆን እህቱን ይጠይቃል። እንዲህ ስትይ ሰማሁሽ፣ ምን ማለትሽ ነው ይላል፤ ይጨቃጨቃል፣ ይኮራረፋል፣ ይታረቃል። ሚጢጢ ግን ከልጅነቷም ነገር በሆዷ የምትቋጥር ናት። በማግስቱ ጭራሽ ብሶባት ያችን ቃል ከቅጂው ቆርጣ አወጣቻትና ከሥሯ አራት ምት አስገባችባት። ምን ልትሠራበት? ምንም። አንዳንድ ሰው ቁስሉን ካልነካካ አይሆንለትም፤ በቃ። ቃሏና አራቱ ምት ሲገጥሙ ፍጥነቱ ከበፊቱ በጣም ጨመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሠራችው ዘፈን ሁሉ በዚያው ፍጥነት ሆነ። እታለም አንድ ሁለቴ ምን አስቸኮለሽ ብትላት፣ ጭፈራ ነው ብላ ዘጋቻት። አልበሙን የሰማ ሁሉ የሚያደንቀው ደግሞ ያንኑ ጥድፊያ ነው።

አሁን ስህተቷን ስሙ። ያችን የተቆረጠች ቃል ኮምፒውተሯ ላይ ስታስቀምጥ «ምት ብቻ» ብላ ጻፈችባት፤ «ብቻዬን» ማለቷ ነው፣ ሙሉውን መጻፍ አንገሽግሿት። ከወራት በኋላ ለቀለበቱ የሚሆን ባዶ ከበሮ ሠራችና እሱንም «ምት ብቻ» አለችው፤ ከበሮ ብቻ፣ ሌላ የሌለበት። ቀራጩ ቶሎ ላኪልኝ ሲላት «ምት ብቻ» የሚለውን ፈልጋ የመጀመሪያውን ላከች። የሙከራው ሸክላ ሲመጣም እያንዳንዱን ዘፈን ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ሰዓት ይዛ ሰማች። ቀለበቱ ላይ ሲደርስ መርፌውን አነሳች። አራት ምት ውስጥ ምን ይሰማል? እኔው የሠራሁት አይደል? አለች።

አሁን መቶው ቀይ ሸክላ ታትሞ ወጥቷል። ካርቶኖቹ ከትናንት ጀምሮ ሱቅ ናቸው፤ ዛሬ በአሥር ሰዓት ደግሞ ሁለቱ እህትማማቾች እዚያው ተቀምጠው ይፈርማሉ። እታለም የራሷን ድምፅ መስማት ስለማትወድ ሸክላውን እስካሁን አልሰማችውም። ከሰማችው ግን ምን እንደምትል ሚጢጢ አወቀች፤ ስምንት ወር ስትሰልለኝ ኖራ አደባባይ አወጣችኝ ትላለች። ያ አሳታሚ የእታለምን መልስ የሚጠብቀው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው። ዛሬ ከሰማች እሺ ትለዋለች፣ ሚጢጢም እህቷን ታጣለች። ሚጢጢ ቧንቧውን እንኳ ሳትዘጋ ልትወጣ ነበር፤ ከደረጃው ተመልሳ ዘጋችው።

መንገዱን ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በአውቶቡስ ሄደች። አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ እያለ አልተቀመጠችም። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እግሯ ወለሉን ይመታል፤ አጠገቧ የቆመች ሴት ጫማዋን አይታ ፈቀቅ አለችላት።

ባለሱቁ ሸክላ የሚነካው በነጭ የጨርቅ ጓንት ስለሆነ ጓንት ይሉታል። ሚጢጢ ስትደርስ ለመፈረሚያው ጠረጴዛ አውጥቶ፣ ለመጨፈሪያ ቦታ እንዲገኝ ሣጥኖቹን ወደ ግድግዳው እየገፋ ነበር። ስንት ቀረ ስትለው ሃያ ሁለቱን ቀድመው ያስመዘገቡት ወስደዋቸዋል አላት። ሃያ ሁለት!  ቀሪዎቹን መልስልኝ፣ ጭረት አላቸው ብላ ዋሸች። ጓንት አንዱን ቀይ ሸክላ አወጣና መብራት ሥር አዘንብሎ፣ እያዞረ፣ ዓይኑን አጥብቦ መረመረው። ጭረት የለም። ደግሞስ ሰው ሁሉ የሚመጣው ለማለቂያው ነው፤ ከወሰዱት ውስጥ ያሉት ዲጄዎች ትናንት ማታ ቀለበቱን ሩብ ሰዓት አዞሩት፣ ሰዉም አብሮ «ብቻዬን ይሻለኛል» እያለ ጨፈረ ብሎ እየሳቀ ነገራት። ይህንን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ አላት። የተባረከው ጭንቅላት መግቢያ ቀዳዳ አጥቶ ወደ ውጭ ወጣ።

እዚያው በር ላይ ቆማ ለማተሚያ ቤቱ ደወለች። ቀራጩ እያጉረመረመ አስረዳት፤ ግልጹ፣ ያ እንደ ብርጭቆ የሚያሳየው፣ መታተም የሚጀምረው ነገ ጠዋት ነው፣ ቀለበቱን መቀየር ከፈለገች እስከ አንድ ሰዓት ማታ አዲሱን ድምፅ ትላክ፣ ከዚያ ካለፈ ግን አይነካም። እልካለሁ አለች። ሁለት መቶውን አዳነች ማለት ነው። ቀዩን ግን ማን ያድናት? ወደ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ጓንት ወንበር ቢያቀርብላት ሁለቴ ተቀምጣ ሁለቴ ተነሳች። በመጨረሻ ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ የሚያዋጣኝ እንግዲህ ይህቺን መርፌ መጠበቅ ነው ብላ ቆረጠች።

እታለም አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው በአዲስ ጫማ እየሳቀች ደረሰች። እህቷን ሳመቻት፣ ፊትሽ ምን ሆኗል፣ ሳትበዪ ነው የወጣሽው አለቻት፣ መልስ ሳትጠብቅ ተቀመጠች። ሰልፉ ከበሩ አልፎ እስከ ጎረቤቱ መስታወት ሠሪ ቤት ደርሷል። እታለም ትፈርማለች፣ ትቀልዳለች። ሚጢጢ ግን ሁለት ፊርማ ፈርማ ተነስታ ወደ ማጫወቻው ትሮጣለች። ሁለተኛው ገጽ ሊያልቅ ሲል መርፌውን ታነሳና ወደ መጀመሪያው ትመልሰዋለች። ጓንት መጀመሪያ በዓይኑ፣ ቀጥሎ በቅንድቡ ጠየቃት። ሦስተኛው ጊዜ ላይ አንዱን ጓንት አወለቀ፤ እሱ ጓንት ካወለቀ ተናዷል ማለት ነው።

ከዚያ አንድ ባለመነጽር ሰብሳቢ ተራው ደረሰ። ሸክላውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ ጠቅልሎ አመጣው። እታለም ምን ብዬ ልጻፍልህ አለችው። ሰውየው አፈረ፣ ሳቀ፣ ያንኑ ማለቂያው ላይ ያልሽውን አላት።

«ምን አልኩ?» አለች እታለም።

«ብቻዬን ይሻለኛል።»

እታለም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሚጢጢን ሳይሆን ጓንትን አየችውና አሰማኝ አለችው። ጓንት ወደ ማጫወቻው መጣ። ሚጢጢ በመካከል ቆማለች፤ እጇን ብትዘረጋ መርፌውን ታነሳለች፣ ገፋ ብታደርገው ሸክላውን ትጭረዋለች፣ እንዲያውም ሶኬቱን መንቀል ትችላለች። ሦስቱንም አሰበች። እህቷ ግን አሁን ዓይኗን እሷ ላይ ተከለች፤ ሚጢጢ ደከማትና ገለል አለች።

ጓንት መርፌውን ማለቂያው ላይ አስቀመጠ። ዱም ዱም ዱም ዱም፣ ብቻዬን ይሻለኛል። ሰልፉ ውስጥ ያሉት አጨበጨቡ፤ ሁለት ሴቶች መሃል ገብተው መጨፈር ጀመሩ፣ ሌላው ተከተለ። እታለም አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማች። አስር ዙር ያህል ሰማች። ከዚያ ይቅርታ ብላ ተነሳችና የሚጢጢን ክንድ ይዛ ከጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት አስገባቻት።

ዕቃ ቤቱ ባዶ ካርቶን፣ የተሰበረ ማጫወቻና መጥረጊያ የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ተዘግቶም ቀለበቱ ይሰማል።

«አክስቴ የደወሉ ቀን ነው» አለች እታለም። «ከዚያ በኋላ ያለውስ? ቆርጠሽ ጣልሽው?»

«ከዚያ በኋላ የለም። እዚያ ላይ አቆምኩት።»

እታለም ካርቶን ላይ ቁጭ አለች። ካርቶኑ ከሥሯ ጎበጠ። ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር ስለነበረ አይደለም። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረቻት። ቀይ መብራቱ ሲጠፋ አይታለች፤ ቃሉ ገና አፏ ውስጥ እያለ ነው የጠፋው። ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። ሽንት ቤት የሄደች መስሏት ከአክስቷ ጋር ወሬዋን ቀጠለች።

«‹ብቻዬን ይሻለኛል ብዬ እንዴት ልበል፣ አክስቴ?› ነው ያልኩት» አለች። «ብዬ እንዴት ልበል! ምን አለ ብታስጨርሺኝ?»

በቋንቋችን የነገሩ ቁርጥ የሚታወቀው መጨረሻው ላይ መሆኑን ማን ያጣዋል? ሚጢጢም ታውቃለች። ግን የተናደደ ጆሮ መጨረሻውን አይጠብቅም።

ሚጢጢ ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባው እምቢ አላት። እታለም ደግሞ ገና መናደድ መጀመሯ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እህቷ ለምን እንደምታቻኩላት ስታስብ መኖሯን፣ እያንዳንዱ ዘፈን ትንፋሿን ሲያሳጣት፣ ይህቺ ልጅ በጨዋ ደንብ እያባረረችኝ ነው ብላ መደምደሟን ተናገረች። ከማይኩ ፊት ስትመለስ ጎኗን ይዛ ደረጃ ላይ ስትቀመጥ የነበረው ከዚያ ጥድፊያ የተነሳ ነው። «ባለፈው ሳምንት ለአሳታሚው እሺ ልለው ስልኩን አንስቼ ነበር» አለቻት። «ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ነክቼ ተውኩት።»

ሚጢጢ ከመጥረጊያው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ ሁለቱን ድምፅ በአንድ ስም አስቀምጣ ያችን በስህተት መላኳን ነገረቻት። ይቅርታ አለች። እታለም እኔንም ይቅር በዪኝ አለች። ሁለቱም ያሉት እንዲያው በአፍ ልማድ ነው የሚመስለው፤ የልባቸው ገና መንገድ ላይ ነው።

እና አንድ ነገር ሚጢጢን ይበላት ጀመር። መብራቱ በቃሉ መሃል መጥፋቱን እታለም አውቃለች፤ ይህንን ከሚጢጢ በቀር ማንም አያውቅም፣ እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ያ እውነት ነው። ግን «ብዬ እንዴት ልበል» የሚለው በእውነት ያን ቀን የተባለ ነው ወይስ አሁን የመጣ? እታለም ሥራዋ ነው፤ ስንኝ ሲጎድል ማሟያውን ቆማ ታመጣለች፣ ደግሞ ልክ ይገጥማል። ቅጂ የለም። አክስትየዋን መጠየቅ ይቻላል፤ እሳቸው ግን ትናንት የበሉትንም አያስታውሱ። ማስረጃውን ያጠፋችው ራሷ ሚጢጢ ናት፣ በገዛ ጣቷ። ልጠይቃት ብላ አፏን ከፈተች። እታለም እያየቻት ነው። ሚጢጢ አፏን ዘጋችና ሌላ ነገር ተናገረች፤ እስከ አንድ ሰዓት አዲስ ቀለበት ካልተላከ ግልጹም እንደ ቀዩ ይወጣል አለቻት።

እታለም ከውጭ የሚመጣውን ድምፅ አዳመጠች። ሰዉ አሁንም እየጨፈረ ነው። ከበሮው ሲያልፍ እሷም በሹክሹክታ፣ ምቱን ጠብቃ፣ «ብዬ እንዴት ልበል» አለች። ሸክላው «ብቻዬን ይሻለኛል» ይላል፤ እሷ ትመልሳለች። ልክክ ብሎ ገጠመ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ካለች በኋላ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ግልጹ ላይ ይሄ ይግባ አለች፤ ሙሉውን መስማት የፈለገ ሁለቱንም ቀለም ይያዝ። ሰብሳቢዎቹ ያብዳሉ አለች ሚጢጢ፣ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ጥቁሩስ? ጥቁሩ ላይ ከበሮ ብቻ ይሁን ተባባሉ፤ ሚጢጢ ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን ስሙን እንደምትቀይረው ማለች።

ቀሪዎቹን ሸክላዎች ቶሎ ቶሎ ፈረሙ። ለባለመነጽሩ እታለም የጠየቃትን ጽፋ ከሥሩ ሦስት ነጥብ አደረገችበት፤ ሰውየው ነጥቦቹን እያየ ግራ ተጋብቶ ሄደ። ጓንት የወለቀውን ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ስቱዲዮ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ እታለም አዲሱን ጫማ አውልቃ በካልሲ ማይኩ ፊት ቆመች። ሚጢጢ አራቱን ምት ለቀቀችላት። ፍጥነቱን ልቀንሰው ወይ ብላ ጠየቀቻት። እታለም እጇን አወዛወዘች፤ ለዛሬ ይሁን፣ የሚቀጥለውን ግን ካልቀነስሽው አናወራም አለቻት።

ቀይ መብራቱ በራ። «ብዬ እንዴት ልበል» አለች እታለም። አንዴ ነው ያለችው፤ ለቀለበቱ ይበቃል። ሚጢጢ ሰዓቱን አየች፣ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፣ ቀራጩ እየጠበቀ ነው። ጣቷ ማቆሚያው ላይ ነበር። አልተጫነችውም። እታለም ከመስታወቱ ማዶ ማዳመጫዋን ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ምነው በሚል ዓይን አየቻት።

«ጨርሰሻል?» አለች ሚጢጢ።

«አልጨረስኩም» አለች እታለም።

ሚጢጢ ጣቷን አንስታ እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፤ መብራቱም እንደበራ ቆየ።